የመትረየሱ ሸኚዎች

በእኛ አገር ጦርነት ሲያልቅ መሣሪያ መጋዘን አይገባም። ብረት ብቻውን ሲዘጋበት ይከፋዋል፣ የከፋው ብረት ደግሞ በሚቀጥለው ጦርነት ወደ ባለቤቱ ይዞራል ተብሎ ስለሚታመን፣ በየቤቱ እንግዳ ሆኖ ይሰጣል። ለአንዱ ቤት ጠመንጃ ይደርሰዋል፤ ለሌላው መድፍ። የጎረቤቴ የአስካለ ዕጣ መድፍ ስለነበር፣ አፉ የሚያርፍበት ቦታ ጠፍቶ የጓዳዋን ግድግዳ አፍርሰውላታል። ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡ በዚያ በኩል ይገባል። እሷ ግን ትኮራለች።

«የእኔ እንግዳ እንደ ሰው እንግዳ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ አይደለም፤ ቤት ሙሉ ነው» ትለኛለች።

እኛ ቤት ያሉት ውሃ የሚጠጡ መትረየስ ናቸው። «ናቸው» የምለው ወድጄ አይደለም። ሁለት ጦርነት ያለፈውን መሣሪያ አንተ ማለት ነውር ነው፤ እኝህ ደግሞ አራት አልፈዋል። በሁለት የብረት ጎማ ላይ የተቀመጡ፣ በርሜላቸው ወፍራም ቱቦ የለበሰ፣ ሲተኩሱ እንዳይግሉ በቱቦው ውስጥ ውሃ የሚሞላላቸው ናቸው። ስለዚህ አያ ጠማው ይባላሉ። የሠራቸው አገር ዛሬ የለም ይባላል። ጎናቸው ላይ የተቀረጸውን ፊደል የሚያነብም ጠፍቷል። አንድ አስተማሪ የፋብሪካው ስም ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ልጆች እንዳይነኩት የሚል ማስጠንቀቂያ ነው ብሎናል።

እንግዳ ሲሄድ ይሸኛል። ጦርነት መጣ ማለት እንግዳው «እንግዲህ ልነሣ» አለ ማለት ነው፤ ከቤቱ አንድ ሰው ተነሥቶ አብሮት ይወጣል። እስከ የት? እንግዳው «ይበቃል፣ ተመለስ» እስኪል ድረስ። ሰው የሆነ እንግዳ ቢበዛ ከጉብታው ሲደርስ ይህን ይላል። መሣሪያ ግን ይበቃል ብሎ አያውቅም።

አያ ጠማውን አማቴ ሸኝተዋቸው፣ ጆሯቸው ደንቁሮ ተመለሱ። ቀጥሎ ባሌ ፈለቀ ሸኘ። ያ ጦርነት ሲያልቅ አንድ መልእክተኛ መትረየሱን በበቅሎ አስጎትቶ በራፌ ላይ ቆመና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ እመቤት፣ እንግዳሽ ጭረት ሳይነካቸው ገብተዋል» አለኝ።

«ፈለቀስ?» አልኩት።

«ፈለቀ ማነው?»

«የሸኛቸው ነዋ!»

«እሱን እኔ አላውቅም። እኔ የተላክሁት እንግዳ ላደርስ ነው። ሸኚ በፈቃዱ የሄደ ሰው ነው፤ በራሱ ጊዜ ይመለሳል።»

ከጠባቡ ሸለቆ እንደቀረ የሰማሁት ቆይቼ ከሌላ ሰው ነው። መልእክተኛውን ግን ምሳ አብልቼ ሸኘሁት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ከዚያ ወዲህ የቀረኝ አንድ ልጄ ምናሉ ነው። እኔ ልጅ ሲያስነጥሰው ከፈን የማስብ ሴት ነኝ። ዛፍ ላይ ሲወጣ ሲወድቅ ይታየኛል፤ ሲወርድ ደግሞ እባብ ላይ ሲረግጥ። ምናሉ ጢም ማብቀል ሲጀምር ሌሎች እናቶች ሚስት ፈለጉ፤ እኔ መትረየሱን ጎን ጎኑን ማየት ጀመርኩ።

አዲሱ ጦርነት ሲታወጅ ከማን ጋር እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ገበያ ላይ አንዱ ከወንዝ ማዶ ሰዎች ጋር ነው አለ። ሌላው፣ የለም፣ እነሱ አሁን ከእኛ ጋር ናቸው፤ የምንወጋው ባለፈው ከእኛ ጋር የነበሩትን ነው አለ። ሦስተኛው ማዶዎቹ ራሳቸው ናቸው ባለፈው ከእኛ ጋር የነበሩት ሲል ሊጠይቁ ወደ አደባባይ ሄዱ። የአደባባዩ አዋጅ ነጋሪ ሲጠየቅ፣ «መጀመሪያ እንሂድ፤ ሲተኩሱብን እናውቃቸዋለን» ብሎ ወረደ።

በዚያው አደባባይ፣ በሸራ ተሸፍነው የተደረደሩ አዳዲስ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ከሩቅ አገር ተገዝተው የመጡ፣ ቅባታቸው ገና ያልደረቀ። ምናሉ ወደ እንግዶች ሹሙ ወደ አቶ ወንድይራድ ጠጋ ብሎ፣ «እነዚህ ለምን አይሄዱም?» ሲል ጠየቃቸው። አቶ ወንድይራድ ባርኔጣ የማይለያቸው፣ መሣሪያን ጎንበስ ብለው ሰውን ቀና ብለው የሚያናግሩ ሰው ናቸው።

«ልጅ አዋቂን ቀድሞ አይሄድም» አሉት። «እነዚህ ገና ጨቅላዎች ናቸው። መጀመሪያ ታላላቆቹ።»

«እኔስ ልጅ አይደለሁም?»

«አንተ ሸኚ ነህ። ሸኚ ዕድሜ የለውም።»

አንድ ነገር ግን ሰምቼ ነበር። እንግዳው ታሞ መንገድ የማይችል ከሆነ ከቤት ይቀራል፤ ሸኚውም አብሮ ይቀራል። ይህን የሰማሁ ቀን አያ ጠማውን ከመኝታ ቤት አውጥቼ ጣራው ከሚያፈስበት ሥር አስቀመጥኳቸው። ቅባታቸውን ተውኩ። ቱቧቸውን በጨው ውሃ ሞላሁት።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ ምናሉ።

«እያጠብኳቸው ነው።»

«በጨው?»

«ለወገብ ጥሩ ነው።»

«የቱ ጋ ነው ወገባቸው?»

«ዝም በል፤ በሽማግሌ አይቀለድም።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አያ ጠማው ከአፍ እስከ እግራቸው ቀይ ሆኑ። ጎማቸው ሲገፋ እንደ ታመመ በሬ ያቃስታል። ውሃ ሲሞላላቸው ከታች ያንጠባጥባሉ። በሕይወቴ በሰው ሕመም ተደስቼ አላውቅም፤ በብረት ግን ተደሰትኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አቶ ወንድይራድ ዘንድ ሄድኩና እንግዳዬ ጠናባቸው አልኩ።

መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለመትረየሱ እጅ ነሡና፣ «እንደምን አሉ፣ አያ ጠማው? ጤናዎ እንዴት ነው?» አሉ። መልሱን በትዕግሥት ጠበቁ። ጆሯቸውን በርሜሉ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ።

«ደክመዋል» አልኩኝ ቶሎ ብዬ። «ውሃ እንኳ አይዙም። ያመልጣቸዋል።»

«ይታያል» አሉ።

«መንገድ ላይ ቢያመልጣቸውስ? ለሰውም ለእሳቸውም ነውር ነው።»

«ልክ ነሽ።»

አቶ ወንድይራድ ጣታቸውን በዝገቱ ላይ ጎተት አድርገው ወደ ብርሃኑ አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይህ ሽበት ነው» አሉ።

«ዝገት ነው ጌታዬ።»

«በወጣት መሣሪያ ላይ ሲሆን ዝገት ይባላል። በአራት ጦርነት ሽማግሌ ላይ ሽበት ነው። የሸበተ እንግዳ ደግሞ ማዕረጉ ከፍ ይላል። ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ሸኚ መሄድ አይመጥናቸውም። አንድ የሚደግፋቸው፣ አንድ ውሃ የሚይዝላቸው ያስፈልጋል። ቤቱ ውስጥ ስንት ናችሁ?»

«እኔና እሱ ብቻ።»

«በልክ መጣ» አሉና ባርኔጣቸውን ደፉ።

አስካለ ይህን ስትሰማ እልል አለች። «አንቺ ዕድለኛ! እኔ ሞኟ ቅባት ስቀባ፣ ስቀባ፣ ይኸው የእኔ ሳይሸብቱ ቀሩ። ደምስዬ ብቻውን ሊሄድ ነው!» ደምስ ልጇ ነው፤ ከምናሉ ጋር ጥርስ የነቀለ፣ አብሮ ያደገ። በዚያ ሳምንት እናቱ አዲስ ጫማ ገዝታለት ነበር፤ መድፉ አጠገብ የሚቆም ሰው ባዶ እግሩን እንዳይሆን።

ወጣን። ሰልፉ በዕድሜ ነበር፤ የሸበቱት ከፊት። የእኛ ጎማ ስለሚያቃስት ሰዉ ሁሉ በአያ ጠማው ፍጥነት ሄደ። በየጉብታው ላይ ቆም እያልኩ ጆሮዬን ወደ በርሜላቸው አስጠጋሁ፤ ምናልባት ይበቃል ቢሉ ብዬ። አንድ ጊዜ የሆነ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ምናሉን ሳስቆመው የራሱ ሆድ ነው፤ ርቦት ነበር።

የደረስንበት ቦታ ሁለት ኮረብታ ነው፤ መካከሉ ጅረት። በእኛ በኩል የሰልፉ አስተናጋጅ የሚባል ሰው ነበር፤ ሥራው መሣሪያዎችን በዕድሜ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነው። አንድ ጠመንጃና አንድ ሞርታር ማን ይበልጣል ተብሎ ክርክር ተነሣና ጦርነቱ እስኪወሰን ቆመ። ማዶም ተመሳሳይ ክርክር ሳይኖር አልቀረም፤ እነሱም አልተኮሱም። በኋላ ሁለቱ መንታ ናቸው ተባለና ተኩሱ ተጀመረ።

ምናሉ እጀታውን ያዘ። እኔ ውሃ አፈስሳለሁ። አያ ጠማው ሲተኩሱ በእንፋሎት ይሸፈናሉ፤ ውሃው ይፈላል፤ ድምፃቸው ጥርስ ውስጥ ይገባል። እነዚያን ሁሉ ሳምንታት የጨው ውሃ አጠጥቻቸው ያንን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

«ማንን ነው የምንመታው?» ብሎ ጮኸ ምናሉ።

«ወደዚያ!» አለ አስተናጋጁ በእጁ እያሳየ።

«ወደዚያ ማን አለ?»

«ወደዚህ የሚተኩሱት!»

ከዚያ ከማዶ የመጣው ነገር መድፉ አጠገብ አረፈ። አቧራው ሲገለጥ ደምስ በጀርባው ተኝቷል። አስተናጋጁ ብርድ ልብስ ይዞ እየሮጠ መጥቶ መድፉን አለበሰ፤ «አልተጎዱም? አልደነገጡም?» እያለ ዙሪያቸውን ዳበሰ። እኔና ምናሉ ደምስን ይዘን ከዛፍ ሥር አስተኛነው። አንዱ ጫማ ወልቆ ነበር።

«መድፉ ደህና ናቸው?» አለኝ።

«ደህና ናቸው፣ ልጄ።»

«እማዬ እንዳትቆጣኝ» አለና ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ምናሉ ሸሚዙን አውልቆ አለበሰው። ከዚያ ወደ መትረየሱ ተመልሶ እጀታውን ያዘ፤ ግን እጁ አይጨብጥም ነበር። እኔ ያን እጅ አየሁ። ነገ ከዛፉ ሥር የሚተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ አዋቂ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ተኩስ ይቆማል። ይህም በሁለቱም ወገን ያለ ደንብ ነው፤ እንግዳ ተጠምቶ አይዋልም። የሁለቱም ወገን ውሃ ያዦች ጄሪካን ይዘን ወደ አንዱ ጅረት ወረድን። ከፊት ለፊቴ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ትቀዳለች። ከኋላዋ ልጃገረድ ቆማለች፤ ትከሻዋ በመትረየስ እጀታ የዛለ፣ ፊቷ በእንፋሎት የቀላ።

«ጄሪካንሽ ያፈሳል» አለችኝ ሴትዮዋ።

«እንግዳዬም ያፈሳሉ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ጨው ነው?»

ደነገጥኩ። «አንቺም?»

«እኔ በሎሚ ነው። ይሻላል ብለውኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሸበቱ ተባለ። ይኸው ሁለት ሆነን መጣን።» ሳቅ አላት፤ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ብርቄ እባላለሁ። እሷ ልጄ ትርንጎ ናት። የእኛ እንግዳ እትዬ ጉሮሮ ይባላሉ፤ ውሃ የሚጠጡ መትረየስ ናቸው። ጎናቸው ላይ ፊደል አለ።»

«የማይነበብ?»

«የማይነበብ። እንዲህ፣ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ።»

የእኛም ማጭድ የሚመስል ነበረው። ከአንድ ቤት የወጡ ወንድምና እህት መሆናቸው ነው።

«ባለፈው ጦርነት የት ነበሩ?» አልኳት።

«ከጠባቡ ሸለቆ።»

ጄሪካኔ ሞልቶ ይፈስሳል። «ያኔ ከእኛ ጋር ነበራችሁ አይደል?»

«እኛ? ከእናንተ ጋር? እኛ ያኔ...» ጀመረችና ተወችው። በጣቷ አንድ፣ ሁለት ብላ ቆጠረችና ጣቷን መልሳ አጠፈችው። «እኔ እንጃ። ወንድሜ ከዚያ ነው የቀረው።»

«ባሌም።»

እሷ የእኔን ኮረብታ አየች፤ እኔ የእሷን። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ የሚያውቁት ሁለቱ ብረቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከላይ ተቀምጠው ውሃ ይጠብቃሉ። መጥላት እንዳለብኝ ገባኝ፤ ግን ማንን እንደሆነ አጣሁት። ሴትዮዋ በእጇ ከውሃው ዘግና ግንባሯን አራሰችና ለእኔም ዘረጋችልኝ። ራሴን አጎነበስኩላት።

«በእናንተ አገር ሸኚ መቼ ነው የሚመለስ?» አልኳት።

«እንግዳው ይበቃል ሲል።»

«ካላለስ?»

«ካላለማ ይሄዳል። ወይ ደግሞ መንገድ ላይ ሌላ ቤት እንግዳውን ከተቀበለ...»

ሁለታችንም ቀና አልን። ትርንጎ እናቷን አየች። በላይ በኩል አስተናጋጁ «ቶሎ በሉ፣ ተጠምተዋል!» እያለ ይጣራል።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ለአስተናጋጁ አያ ጠማው ጄሪካን ሰልችቷቸዋል፣ ከጅረቱ ራሳቸው መጠጣት ይፈልጋሉ አልኩት።

«አሉሽ?»

«እንዲህ ሲያቃስቱ አትሰማም?»

ምናሉ ጎማውን ነካ አደረገው። አያ ጠማው አቃሰቱ። አስተናጋጁ ፊቱ ተለወጠ። «የሽማግሌ ፈቃድ እንዴት ይጣሳል? ውሰዷቸው» አለ። ማዶም እትዬ ጉሮሮን እየገፉ ሲወርዱ አየን።

ከውሃው ዳር ሁለቱን መትረየሶች ፊት ለፊት አቆምናቸው። እኔ፣ «ብርቄ፣ እንግዳዬን ተቀበይኝ» አልኳት። «ቤቴ ቤታቸው ነው» አለች። እሷም የእሷን ሰጠችኝ፤ ተቀበልኩ። ምናሉና ትርንጎ ምስክር ሆኑ። ከዚያ ውሃው ውስጥ ገብተው መሣሪያዎቹን አሻገሩ። መካከል ላይ ሲተላለፉ ልጅቷ፣ «የእኛ ወደ ግራ ይጎትታሉ፣ ተጠንቀቅ» ስትለው ሰማሁ።

ብርቄን ዳግም አላየኋትም።

አስተናጋጁ ሲያየን ግራ ገባው። «እኝህ ማን ናቸው?»

«እንግዳ ናቸው፤ ከማዶ የመጡ። ቤት ልናስገባቸው ነው።»

«አያ ጠማውስ?»

«ሌላ ቤት ተቀበላቸው።»

ወደ ኮረብታው አየ፤ ወደ ጅረቱ አየ። በመጨረሻ፣ «እንግዳ በሜዳ አይቆምም። በሉ ሂዱ፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው» አለ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም እንደ እኛ አደረጉ ይባላል። እንግዳ ከተለዋወጡ በኋላ እዚያው ቆመው በተቀበሉት መሣሪያ የተኮሱም አሉ ይባላል። የቱ እውነት እንደሆነ አላውቅም። ጦርነቱ አለቀ የሚልም፣ አላለቀም የሚልም ሰምቻለሁ።

ሰፈራችን ስንደርስ አስካለ በራፏ ላይ ቆማለች። የፈረሰውን ግድግዳ በአዲስ ጭቃ ዙሪያውን አሳምራዋለች። «እልል! ተመለሳችሁ? ደምስዬስ ወዴት ቀረ?» አለች።

በመንገድ ሁሉ የምላትን ሳዘጋጅ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «መድፉ ደህና ናቸው» የሚል ብቻ ነው። አስካለ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጭቃ የነካውን እጇን ማየት ጀመረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ እንደዚያው ነበርን።

ከለቅሶው በኋላ አቶ ወንድይራድ ቤቴ መጡ። እትዬ ጉሮሮን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዞረው አዩ፣ ሽበታቸውን ዳሰሱ።

«ማርካችኋቸው ነው?»

«በእንግድነት ተቀብዬ ነው።»

«የጠላት ናቸው እኮ።»

«ጠላታችን ማነው ጌታዬ?»

«እሱ ገና አልተገለጸም» አሉ።

«እንግዲያው?»

«ይሁን፤ እንግዳ እንግዳ ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ከመትረየሱ አንሥተው ምናሉ ላይ አሳረፉ፤ ከእግር እስከ ራሱ ለኩት። «ብቻ እኝህ ሴት ወደ አገራቸው መቼ ነው የሚነሡት? ሸኚያቸውን ከወዲሁ ላውቀው።»

ምናሉ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። በዚያች ቅጽበት ጅረቱም፣ ዛፉም፣ ደምስ የተኛበት አቧራም ታየኝ፤ አሁን ግን በደምስ ቦታ የእኔ ልጅ ነበር። ድምፄን ከየት እንዳገኘሁት አላውቅም፤ ሰፈር ሙሉ እስኪሰማ ጮህኩ።

«አቶ ወንድይራድ! እንግዳ ፊት ቆመው፣ መቼ ነው የምትሄጂው ይላሉ? የት አገር ነው ይህን ያዩት?»

በየበሩ ራስ ብቅ ብቅ አለ። አንዲት አሮጊት «ውይ፣ ነውር!» አሉ። ሌላዋ «ሰውየው ምን ነካቸው? ገና እግራቸው ሳይታጠብ?» አለች። አቶ ወንድይራድ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ለመትረየሱ ወገባቸው እስኪታጠፍ አጎነበሱ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አፌ ነው። እስከፈለጉ ይቀመጡ» አሉና ወደ ኋላቸው እየሄዱ ከበሩ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም። እኔ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ምናሉን ወደ ጓዳ እልከውና፣ ከእትዬ ጉሮሮ ጎማ ሥር አንድ ድንጋይ እጨምራለሁ። ያየ ሰው ምንድን ነው ሲለኝ፣ እንዲመቻቸው ነው እላለሁ።